አለቃዬ ሪፖርቴን «ሮዚ ነው» አለኝ፣ እኔም አመሰገንኩት

«ጋሼ ሰላም ነህ? የድሬ ልጅ ነኝ፤ ሳቢያን ነው የምኖረው። አንድ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ከተቀጠርኩ ገና ዓመት አልሞላኝም። በቅርቡ የሦስት ወሩን ሪፖርት በእንግሊዝኛ አንቺ ጻፊው ተባልኩና ቁጭ ብዬ አመሸሁበት። ከጅቡቲ የሚመጣው ዕቃ እየፈጠነ ነው፣ ደንበኞች ደስተኞች ናቸው፣ የሚቀጥለው ሩብ ዓመት ደግሞ ከዚህም የተሻለ ይሆናል አልኩ። ዱባይ የሚቀመጠው አለቃችን እንግሊዛዊ ነው፣ በአካል አይቼው አላውቅም። በማግስቱ ሁለት መስመር መለሰልኝ፤ ሪፖርትሽ ‹ራዘር ሮዚ› ነው ይላል። ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ከፍቼ ሳይ ‹ጽጌረዳ የመሰለ፣ ሮዝ፣ ተስፋ የተሞላ› የሚል አገኘሁ። በጣም ደስ አለኝ። ‹አመሰግናለሁ፣ የሚቀጥለውን ደግሞ ከዚህ የበለጠ ሮዚ አደርገዋለሁ› ብዬ ጻፍኩለት። ኢሜይሉ ላይ ኮፒ የተደረጉት ሁሉ አይተውታል። አጠገቤ የሚቀመጠው ልጅ እስካሁን ይስቅብኛል፤ ‹ሮዚ› ብሎ ስም አውጥቶልኛል።

አሁን ቃሉ ስድብ ነው ምስጋና? ይቅርታ ልጠይቅ ወይስ ዝም ልበል? ሲቪዬ ላይም ‹አይ አም ኤ ሮዚ ፐርሰን› ብዬ ጽፌያለሁ፤ እሱስ? ወንድሜ ደግሞ ነገሩን ስነግረው ‹ድሮም ላንቺ ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ነው፣ ይኼ ጠባይሽ ያስባርርሻል› አለኝ። እውነቱን ነው? በመጨረሻ፣ እንዳትስቅብኝ፣ እህቴ ታይዋን ገበያ አካባቢ የውበት ሳሎን ልትከፍት ነው። ስሙን ‹ሮዚ› ልትለው ነበር። ትተወው?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት «አንተ» ስላልሽኝ ተባረኪ። ከመሃል አገር የሚጽፉልኝ አንባቢዎች «እርስዎ» እያሉ ዕድሜዬን ይጨምሩብኛል። እኛ ጋ አባትም አንተ ነው፣ ጎረቤት ያሉት ሽማግሌም አንተ ናቸው፣ ክብሩ ግን አይጓደልም።

ወደ ነገሩ እንግባ። አቦ፣ እንቅልፍሽን አትጪ! ቃሉ ስድብ አይደለም። ምስጋናም ግን አይደለም። ሰውየው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ይኼን ነገር ትንሽ አላሳመርሽውም?» ነው ያለሽ። አንቺ ደግሞ «አዎ፣ በሚቀጥለው ከዚህም በላይ አሳምረዋለሁ» ብለሽ መለስሽለት። እኔ እንኳ ደብዳቤሽን ሳነብ ሻዩ ትን ብሎኛል፣ ይቅር በይኝ።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸሽም። ግማሹን ብቻ ነው የነገረሽ። ሮዚ ከጽጌረዳ የወጣ ቃል ነው፣ መጀመሪያም የቀለም ስም ነው። ግን እንግሊዞች ሮዝ የሆነውን ነገር ሁሉ ሮዚ አይሉትም። ሐረር ጀጎል ገብተሽ በጠባቦቹ መንገዶች ስትሄጂ ሮዝ የተቀባ ግንብ ታገኛለሽ፤ እሱ ለነሱ ፒንክ ነው። ቀሚስም፣ የፕላስቲክ ባልዲም፣ ነጠላ ጫማም ፒንክ ነው። ሮዚ የሚሉት ቀቢ ያልቀባውን፣ ከውስጥ የወጣ የሚመስለውን መቅላት ነው። የሕፃን ጉንጭ፣ የበሰለ ፖም፣ ሊነጋ ሲል የሚቀላ ሰማይ። ያው የጀጎል ግንብ ነጭ ቢሆንና የማታ ፀሐይ ቢያርፍበት ብርሃኑን ሮዚ ሊሉት ይችላሉ።

ከዚያ ወደ ተስፋ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ፈረንጅ ሲታመም ይገረጣል፣ ሲሻለው ጉንጩ ይቀላል፤ መቅላት ጤና ነው። ሰማዩም ሲቀላ ሌሊቱ አለፈ ማለት ነው። ሆሜር የሚባለው የጥንት ግሪክ ባለቅኔ ንጋትን ደጋግሞ «ባለ ጽጌረዳ ጣቷ» እያለ ይጠራታል። እኛ ለዚህ ነገር ቀይ ቀለም አንጠቀምም፣ በብርሃን ነው የምንናገረው። ብሩህ ተስፋ፣ ብሩህ ጊዜ እንላለን። ደስ ያለውን ሰው ፊቱ ፈካ እንላለን፣ እሱም ለአበባ የምንለው ቃል ስለሆነ በጎን በኩል ከእንግሊዞቹ ጋር እንገናኛለን።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም ያምራል። ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ቢሮ ሲገባ ነው።

ቢሮ ውስጥና ጋዜጣ ላይ ሮዚ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ሰው የሳለው ሥዕል ነው፤ ትንበያ፣ ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ስለ ወደፊቱ የተነገረ ነገር። «ቱ ፔይንት ኤ ሮዚ ፒክቸር» የሚል አባባል አላቸው፣ ቃል በቃል ሮዚ ሥዕል መሳል ማለት ነው። እኛ ቀባብቶ አቀረበው የምንለውን ነው የሚሉት። እኛም እነሱም ብሩሽ ይዘን ነው የምናማው፣ ይኼ ሁሌ ያስቀኛል። እና ልብ በይ፣ ቀባብቶ አቀረበው ስንል ዋሸ ማለታችን አይደለም። ያለውን ነው ያቀረበው፣ ግን ስንጥቁ እንዳይታይ አድርጎ።

ምሳሌ ከፈለግሽ የከተማችንን ወንዝ ደቻቱን ውሰጂ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ዳርና ዳሩን ገበያ ነው። አንድ ሰው አሸዋውን ብቻ ፎቶ አንስቶ «ወንዙ ለከተማው ምንም ስጋት የለውም» ብሎ ቢጽፍ ፎቶው ውሸት የለበትም። ሪፖርቱ ግን ሮዚ ነው። በ1998 ክረምት ሌሊት ላይ ከደጋው የወረደው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ቤተሰብሽን ጠይቂ፣ የማያስታውስ የለም። አንድ እንግሊዛዊ መሐንዲስ ያንን ሪፖርት ቢያነብ ዳር ላይ «ራዘር ሮዚ» ብሎ ይጽፍበታል። አለቃሽ ያለሽም ይኸው ነው፣ ደግነቱ ያንቺው ጉዳይ ኮንቴይነር ነው።

ታዲያ ምስጋናውን ከወቀሳው እንዴት ትለያለሽ? ከፊቱ ያለችውን ቃል እያት። «ዘ ፊውቸር ሉክስ ሮዚ» ካሉ፣ ያለምንም ጭማሪ፣ ወደፊቱ ደህና ይመስላል ማለታቸው ነው፤ ደስ ይበልሽ። ከፊቱ ግን «ቱ» ወይ «ኦቨርሊ» (ከመጠን በላይ)፣ «ኤ ቢት» (ትንሽ) ወይም እንዳንቺው «ራዘር» ከገባ ነገሩ ተገልብጧል። በተለይ ይቺ ራዘር የምትባለው የእንግሊዞች ጉድ ናት። መዝገበ ቃላት «በመጠኑ» ይልሻል፣ እነሱ ግን ወቀሳቸውን የሚያለሰልሱባት ቃል ናት። አሜሪካዊ ቢሆን ምናልባት «ይኼ እውነታውን አያሳይም» ብሎ በግልጽ ይነግርሽ ነበር። እንግሊዝ ጠምዝዞ ነው የሚናገረው። የኛ ሐበሻ ሽማግሌ «ቤትህ ደህና ነው፣ ጣራው ብቻ ሰማይ ያሳያል» እንደሚለው።

ሌላው ደግሞ «ኖት ሶ ሮዚ» ነው። ዜና ላይ ስለ ኢኮኖሚ ስታነቢ ቃሉን ከአሉታ ጋር ብዙ ጊዜ ታገኚዋለሽ፤ ሁኔታው ያን ያህል ሮዚ አይደለም፣ ቁጥሮቹ ሲታዩ ሥዕሉ ሮዚነቱ ይቀንሳል፣ እንዲህ እንዲህ ይላሉ። ጋዜጠኛ «መንግሥት ሮዚ ትንበያ አወጣ» ካለ ደግሞ ቃሉ ብቻውን ቢቆምም ፊቱን አጨማድዶ ነው የጻፈው። ስለዚህ ማን ስለ ማን ሥራ እንደተናገረም ማየት ነው። ሰው ስለራሱ ተስፋ ሲናገር ቃሉ ንጹሕ ነው፤ ሌላ ሰው ስለጻፈው ነገር ሲናገር ጥርጣሬ አለበት።

ሲቪሽ ላይ ያለችውን ዛሬውኑ አጥፊያት። ሮዚ ለሰው ጠባይ አይሆንም። ተስፋ የማይቆርጥ ሰው ለማለት ኦፕቲሚስቲክ ነው የሚባለው። «አይ አም ኤ ሮዚ ፐርሰን» ያልሽውን የሚያነብ ፈረንጅ ጉንጭሽ የቀላ ሰው መሆንሽን ነው የሚረዳው፤ በድሬ ሙቀት ማን ጉንጩ ያልቀላ አለና! ደግሞ እውነቱን ልንገርሽ፣ በኦፕቲሚስቲክም አትተኪው። ሲቪ ላይ «ተስፈኛ ነኝ» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለቀጣሪ ምንም አልነገረውም። በቦታው የሠራሽውን ጻፊ። ዲክላራሲዮን፣ ማለትም የጉምሩክ መግለጫ ሰነድ ታዘጋጃለሽ? ከጉምሩክ ጋር ትነጋገሪያለሽ? አረብኛ ወይ ሶማሊኛ ትችያለሽ? ትራንዚት ቢሮ እሱን ነው የሚፈልገው።

እዚሁ ላይ እያለን፣ ሪፖርት ስትጽፊ የሚያስቱ ሌሎች ቀለሞች አሉ። «ፕራይስስ ሮዝ» የሚል ካየሽ ጽጌረዳ የለበትም፤ ዋጋ ጨመረ ማለት ነው፣ መነሣት ከሚለው ግስ የመጣ ኃላፊ ጊዜ ነው። «ኢን ዘ ሬድ» ካሉሽ ኪሳራ ላይ ናችሁ። «ኢን ዘ ብላክ» ካሉሽ ትርፍ ላይ ናችሁ፣ እኛ ጥቁርን ከሐዘን ጋር ስለምናገናኘው ብዙ ሰው ይገለብጠዋል፤ የጥንት ሒሳብ ሠራተኞች ጉድለትን በቀይ ቀለም ስለሚጽፉ የመጣ ነው። «ኢን ዘ ፒንክ» ጤናው የተሟላ ሰው ነው። «ፒንክ ስሊፕ» ደግሞ አሜሪካኖቹ የስንብት ደብዳቤ የሚሉት ነው! ስለዚህ ሮዚ ሪፖርት የጻፈ ሰው ፒንክ ስሊፕ ሊደርሰው ይችላል። ወንድምሽ ይኼን ሳያውቅ እንዳይቀር ብዬ ነው እንጂ ላስፈራራሽ አይደለም።

የወንድምሽ አባባል ራሱ ከዚሁ ቤት ነው። «አልጋ በአልጋ» እንላለን፤ እነሱ «ኤ ቤድ ኦቭ ሮዝስ» ይላሉ፣ የጽጌረዳ አልጋ። እነሱም እንደኛ ብዙውን ጊዜ አይደለም ለማለት ነው የሚጠቀሙበት፤ ሕይወት የጽጌረዳ አልጋ አይደለችም ይላሉ፣ ሕይወት አልጋ በአልጋ አይደለችም እንላለን። ሁሉን ነገር አሳምሮ የሚያይ ሰው ደግሞ ሮዝ መነጽር አድርጓል ይሉታል፣ መስተዋቱ ቀለም ያለው መነጽር። አንቺ መነጽሩን አድርገሽ ነው ሪፖርቱን የጻፍሽው። ለምን እንዳደረግሽው ግን ጠባይሽ ነው ብዬ አላምንም፣ እዚህ ላይ ከወንድምሽ እለያለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1997 ቴረንስ ሚቸልና ሊ ቶምፕሰን የሚባሉ ተመራማሪዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። ለጉዞና ለዕረፍት የሚሄዱ ሰዎችን ሳይሄዱ በፊት፣ እዚያው እያሉ፣ ከተመለሱም በኋላ ጠየቁ። ከነዚህ አንዱ ካሊፎርኒያ ውስጥ በብስክሌት የተደረገ የሦስት ሳምንት ጉዞ ነው። ሰዎቹ ሳይሄዱ በፊት የጠበቁትና ሲመለሱ ያስታወሱት፣ እዚያው ብስክሌቱ ላይ ሆነው ከተናገሩት የበለጠ ያማረ ሆኖ ተገኘ። በጉዞው መሃል የተማረሩበት ነገር ቤት ሲገቡ ጠፋ። ይኼንን «ሮዚ ቪው» አሉት። ወደ ኋላ ዞሮ ማሳመሩን ደግሞ የሥነ ልቦና ሰዎች «ሮዚ ሬትሮስፔክሽን» ይሉታል።

ይኼ ለድሬ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። ከዚራ ሰፈር ዛፎቹ ሥር የተቀመጡ ትላልቆችን ስለ ባቡሩ ዘመን ጠይቂያቸው። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬ ሲደርስ ከተማዋ አብራ ተወለደች፣ ስለዚህ ስለ ባቡር ሲያወሩ ስለ እናታቸው የሚያወሩ ነው የሚመስለው። ፊሽካው፣ ከጅቡቲ የሚመጣው ሽቶና ጨርቅ፣ ምሽት ላይ ለገሃር የሚወጣው ሰው፣ ቅዝቃዜው ሲመጣ የሚጠጣው ሆጃ የሚባል ትኩስ መጠጥ። ስትሰሚያቸው በዚያ ዘመን ያልኖርሽ መሆኑ ይቆጭሻል። አሁን ትንሽ ቆይተሽ «ባቡሩ በሰዓቱ ይገባ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ይስቃሉ። ሰዓትማ ማን አየው፤ በረሃ ላይ ቆሞ የሚያድርበት ቀን ነበር፣ ፉርጎው ውስጥ መተንፈሻ አልነበረም፣ ፊናንስ፣ ኮንትሮባንድ የሚይዘው ፖሊስ፣ ገብቶ ሲበረብር ሴቶች ጨርቁን በላያቸው ላይ ጠምጥመው በሙቀቱ ሊሞቱ ነበር ይሉሻል። ይኼ ሁሉ እያለ መጀመሪያ የሚወጣው ፊሽካው ነው። አይዋሹም። ያማረው ነው ቶሎ የሚመጣላቸው።

አንቺም ያደረግሽው ይኼንኑ ነው። ሦስቱ ወር ካለቀ በኋላ አንድ ምሽት ቁጭ ብለሽ ከጭንቅላትሽ ጻፍሽው። ዕቃው የገባ ቀን ደንበኛው ያመሰገነሽ ታወሰሽ፤ ያው ዕቃ ጅቡቲ ወደብ ላይ ተይዞ ደንበኛው በቀን ሦስት ጊዜ እየደወለ ሲጮህብሽ የነበረው ሳምንት ጠፋ። ዱባይ ያለው ሰውዬ ግን ከጭንቅላቱ አያነብም፣ የወደቡ ደረሰኝ ፊቱ ነው ያለው። ዲመሬጁን፣ ዕቃ ከተፈቀደለት ነጻ ቀን በላይ ወደብ ሲቆይ የሚከፈለውን ማለት ነው፣ የከፈለው እሱ ነው። የተከፈለው ገንዘብ እየታየው «ዕቃው እየፈጠነ ነው» የሚል ሲያነብ ምን ይበል? ራዘር ሮዚ ማለቱ ጨዋ ነው እላለሁ።

ስለዚህ ሪፖርቱን እንደገና ሥሪው። ረዥም አታድርጊው። በሦስቱ ወር ስንት ኮንቴይነር ገባ፣ ከነዚያ ውስጥ ስንቱ ከነጻው ቀን በላይ ወደብ ቆየ፣ ስንት ዲመሬጅ ተከፈለ፣ ምክንያቱስ ምን ነበር። ሰነድ ዘግይቶ ከሆነ የቱ ሰነድ፣ መኪና ጠፍቶ ከሆነ በየትኛው ሳምንት፣ በደወሌ ድንበር በኩል የመጣውና በጋላፊ ድንበር በኩል የመጣው ልዩነት ካለው እሱንም። ከዚያ ነው ተስፋው የሚመጣው፤ «የሚቀጥለው ሩብ ዓመት የተሻለ ይሆናል» ብቻ ሳይሆን፣ ይኼንን ይኼንን ስለምናደርግ ይሻላል የሚል። ምክንያት ያለው ተስፋ በእንግሊዝኛም ሮዚ አይባልም፣ ፕሮሚሲንግ ይባላል፤ እሱን ቢልሽ ነው ማመስገን ያለብሽ። ለሚቀጥለው ደግሞ ሐሙስ ሐሙስ ከመውጣትሽ በፊት ሳምንቱ ውስጥ የተበላሸውን ሁለት መስመር ደብተር ላይ ጣይ፤ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ ደብተርሽ ያስታውስሻል።

ይቅርታ መጠየቁን ተይው። ረዥም የይቅርታ ኢሜይል ሰውን ያሳፍራል፣ ይበልጥ ደግሞ ያንን የመጀመሪያውን ኢሜይል ያላየ ሰው ካለ ሄዶ ይፈልገዋል። እንዲህ በይ፦ «አስተያየትዎን መልሼ አነበብኩት። ሪፖርቱ የዘገዩትን ዕቃዎች አላሳየም ነበር። የተስተካከለውን አያይዣለሁ።» በቃ። ድፍረቱ ካለሽ መጨረሻው ላይ «ዚስ ቨርዥን ኢዝ ሌስ ሮዚ» የምትል መስመር ጨምሪ፤ ይኼኛው ሮዚነቱ ቀንሷል ማለት ነው። እንግሊዞች በራሱ የሚቀልድ ሰው ይወዳሉ። እዚያች መስመር ላይ ሲደርስ የመጀመሪያውንም እንደቀልድ ሊቆጥርልሽ ይችላል፤ አንቺም አታርሚው፣ ዝም በይ።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ፣ መልሱን ለእኔ ሳይሆን ለራስሽ ስጪ። ሪፖርቱን ስትጽፊ የዘገየ ዕቃ እንዳለ ታውቂ ነበር? ጠፍቶሽ ከሆነ ከላይ ያልኩት ይበቃል። እያወቅሽ፣ አለቃ ደስ ይበለው ብለሽ የተውሽው ከሆነ ግን የወንድምሽ ነገር ውሃ ይቋጥራል። ቢሮ ውስጥ ሰው በተስፈኝነት አይባረርም፤ የተከፈለውን ገንዘብ የሸሸገ ግን ይባረራል። እንደዚያ ከሆነ «አላሳየም ነበር» በሚለው ቦታ «አላካተትኩም ነበር» ብለሽ ጻፊ። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ሰውየው ልዩነቷን ያያታል። ለወንድምሽ ደግሞ ተስፋሽን ለምን ትሰጪዋለሽ? በዚህ ኑሮ ጠዋት ተነሥቶ ዛሬ ደህና ይሆናል ብሎ የሚወጣ ሰው ብርቅ ነው። ቤት ውስጥ የፈለግሽውን ያህል ሮዚ ሁኚ።

አጠገብሽ የሚቀመጠውን ልጅ በተመለከተ፣ አቦ፣ ድሬ ላይ ተወልደሽ ቅጽል ስም ትፈሪያለሽ እንዴ? እዚህ ከተማ ቅጽል ስም የሌለው ሰው ገና ያልተዋወቅነው ሰው ነው። ብትቆጪ ስሙ ይጸናብሻል። ሲጠራሽ «አቤት» በይው፣ በሳምንቱ ይሰለቸዋል። ካልሰለቸው ደግሞ ሮዚ እንግሊዝኛ ተናጋሪው አገር የደህና ሴት ስም መሆኑን ንገሪው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ወንዶች ሲዘምቱ ፋብሪካ ገብተው አውሮፕላንና መርከብ የሠሩትን ሴቶች የምትወክለው ሴት «ሮዚ ዘ ሪቬተር» ነበር የምትባለው፤ ሪቬት፣ የብረት ማያያዣ ሚስማር፣ መቺዋ ሮዚ። እጅጌዋን ሰብስባ ጡንቻዋን የምታሳየውን ሴት ፖስተር አይተሽው ይሆናል፣ ዛሬ ሁሉም ሰው እሷን ሮዚ ብሎ ነው የሚያውቃት። መጥፎ ስም አልሰጠሽም ልጁ።

የእህትሽም ነገር ከዚሁ ጋር ያልቃል። ስሙን አትተወው፣ ለውበት ሳሎን ከዚህ የተሻለ ስም የለም። ሳሎን በር ላይ ሮዚን የሚጠራጠር የለም፤ እዚያ ቃሉ ወደ ጉንጩ ነው የተመለሰው። አንድ ነገር ብቻ ትወስን። የሴት ስም እንዲሆን ከፈለገች በእንግሊዝኛው መጨረሻው በአይና በኢ ነው የሚጻፈው። ቀለሙ እንዲሆን ከፈለገች በዋይ ነው። ሁለቱም ያስኬዳሉ። ግን ከመሃል ያለው ኤስ ነው፣ ሲነበብ ዘ ቢባልም በዜድ አይጻፍም፣ ማስታወቂያ ጻፊዎቹ ደግሞ እንደሰሙት ነው የሚጽፉት። ቀብድ ከመክፈሏ በፊት ፊደሎቹን አንድ በአንድ በወረቀት ጽፋ ትስጠው፣ ሲጨርስም ሳይሰቀል ሄዳ ትየው።